በአቦ ቀን የቆፈርኩት ቦይ

በራሴ የምተማመን ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ልመካ ብዬ አይደለም፤ ኋላ የሚመጣውን ስትሰሙ «ይህን ሰውዬ ምን ነካው?» እንዳትሉ ነው። ምንም አልነካኝም፤ ሲፈጥረኝ እንዲህ ነኝ። መንገድ ሲጠፋኝ እንኳ ፈጠን ብዬ ነው የምራመደው፣ ከኋላዬ ያሉት እንዳይሰጉ። ላሊበላ ውስጥ «አላውቅም» የሚል አስጎብኚ ካገኛችሁ ወይ ጀማሪ ነው ወይ አሞታል።

እንግዲህ ቱሪስቱ እንደ ድሮው እየጎረፈ መምጣቱን ሲተው፣ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ አንድ ያረጀ ሚኒባስ ወደ መኪና ቤት ቀየርኩ። የመኪና ቤት ያልኳችሁ ፈረንጆቹ ቀን እየነዱት ሲመሽ የሚያድሩበት፣ አልጋውም ምድጃውም አብሮ የሚሄደውን ነው። የኋላ ወንበሮቹን ነቀልኩ፣ በግራና በቀኝ የጣውላ አልጋ ገጠምኩ፣ ቡታጋዝ አስገባሁ፣ ጀሪካን ሰቀልኩ፣ የባለቤቴን መጋረጃ ጋረድኩ። ከሁሉም በላይ የምኮራበት ግን ጣሪያው ነው። ሰው አልጋው ላይ ቆሞ፣ በጣሪያው ብቅ ብሎ አራዊት እንዲያይ፣ አራት ማዕዘን አስቀደድኩና በወፍራም ላስቲክ የሚከደን መስኮት አበጀሁለት። በያጁ «ጌታዬ፣ ዝናብ አያስገባም?» ቢለኝ «ላስቲክ አለው» አልኩት። «በረዶስ ቢመጣ?» አለኝ። «ላስቲክ አለው አልኩህ እኮ!» ፈሪ በያጅ አልወድም።

ባለቤቴ ጥሩዬ መኪናዋን ዞራ ዞራ አየችና «ቤቱ አንሶህ ነው?» ብላ ገባች። ስለ ሥራዬ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ደግ የሚባለው ይህ ነበር።

የመጀመሪያዋ ተሳፋሪዬ ቲቸር የሺ ናቸው። በከተማችን ባዮሎጂ ያላስተማሩት ሰው ካለ ወይ ገና ሕፃን ነው ወይ ፎርፏል። እኔን እንዲያውም አንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ አስተምረውኛል። ዕድሜ ልካቸውን ቀይ ቀበሮን ሰሌዳ ላይ እየሣሉ ኖሩ። ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ፣ እዚሁ ከአናታችን ላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የሚኖር። እንዲህ እያሉ ለስንቱ ልጅ ሲያስተምሩ፣ እሳቸው ራሳቸው አንድ ቀን እንኳ በዓይናቸው አላዩትም። በወጣትነታቸው የልጅ ነገር፣ የቤት ነገር ያዛቸው፤ ኋላ ደግሞ ጉልበታቸው ከዳቸው። በበቅሎ አይወጡ ነገር፣ አንድ ጊዜ አሸተን ማርያም ሲወጡ በቅሎዋ ገደል አፋፍ ላይ ስትጥላቸው «ሁለተኛ በቅሎ ብቀመጥ!» ብለው ምለዋል፤ ቲቸር የሺ ከማሉ ማሉ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥተው፣ በዚያው ሳምንት ጓዛቸውን ጠቅልለው ልጃቸው ዘንድ ሐዋሳ ሊገቡ ነው። ቤቴ ሊሰናበቱን መጥተው «ሁሉን አደረግሁ፤ ያን ቀበሮ ሳላየው መሄዴ ብቻ ነው የሚቆጨኝ» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

«ቲቸር፣ ለእሱማ ምን ያስጨንቅዎታል? መኪናዬ አለች፣ ደጁ ድረስ ትወስድዎታለች። እኔ እንደሆንኩ በየሳምንቱ ነው የማየው!» አልኳቸው።

ወገኖቼ፣ አይቼው አላውቅም። አንድ ጊዜ ከሩቅ ጅራት የመሰለ ነገር ሣር ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፤ እሱንም ጅራት ያደረግሁት ብዙ ካሰብኩ በኋላ ነው። ለእንግዶቼ «ትናንት እዚችው ቆሞ ነበር» እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። ፈረንጅ ፎቶውን ያነሳና የትናንቱ ቀበሮ የቆመበትን ድንጋይ ይዞ ይሄዳል። ቲቸር የሺ ግን ድንጋይ ሊያዩ አልነበረም የፈለጉት።

ጠዋት ስንነሳ ጥሩዬ በሩ ላይ ቆማ «በአቦ ዋዜማ ጥለኸን ልትወጣ?» አለችኝ።

«ዋዜማው ነገ ነው።»

«ዛሬ እኮ ጥቅምት አራት ነው።»

«ሦስት!» አልኳት፣ ሞተሩን እያስነሳሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቀን አቆጣጠሬ ትንሽ መናገር አለብኝ። አስጎብኚ የሚኖረው በፈረንጅ ቀን ነው። እንግዳው የሚመጣው፣ ክፍሉም የሚያዘው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ፣ እኔ የአገሬን ቀን የማገኘው ከዚያ ላይ ቀንሼ ነው። ጳጉሜ ስድስት የሆነች ጊዜ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ስለተንሸራተተ አንድ ተጨማሪ መቀነስ ለመድኩ። ዓመቱ አለፈ፣ መንሸራተቱም ቀረ፤ እኔ ግን መቀነሴን አልተውኩም። ማንም አልነገረኝም አልልም። ጥሩዬ ነገረችኝ። ግን የአሥራ ሁለት ዓመት አስጎብኚ በሚስቱ ቃል ቀን ይለውጣል?

በኩልመስክ አቅጣጫ ጥርጊያውን ይዘን ወጣን። ስንነሳ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። አንዱን ኩርባ ስንዞር ጉም ዋጠን፤ ሌላውን ስንዞር ካፊያ ተቀበለን፤ ሦስተኛው ላይ ፀሐይ ምንም እንዳላደረገ ሰው ብቅ አለ። ቲቸር የሺ ነጠላቸውን ይለብሳሉ፣ ያወልቃሉ፣ ይለብሳሉ። እኔ ስልኬን አሳየኋቸው። «ይኸው፣ ሦስቱንም ቀን ጠራራ ፀሐይ ይላል!» በኋላ እንዳየሁት ስልኬ የሚነግረኝ የባሕር ዳርን አየር ነበር። ለባሕር ዳር ትክክል ነበር፤ ያን ሰሞን እዚያ ጠብታ አልወረደም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ተራራው ሥር ካለች አንዲት መንደር በላይ፣ የግጦሹ ሜዳ ላይ ደረስን። የመንደሯን ስም አልጠራም፤ ከሰዎቹ ጋር ተስማምተናል። ከሜዳው በታች የገብስ ማሳ እርከን በእርከን ሆኖ ይወርዳል። ገና መኪናዋን ሳቆም የጭላዳ መንጋ ሜዳውን ሞልቶ ሣር ሲነጭ አገኘነው። ቲቸር የሺ እንደ ልጅ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አየህ ደረቱን? አየህ ቀዩን? ሣር ብቻ በልቶ የሚኖር ዝንጀሮ እሱ ብቻ እኮ ነው!» እያሉ ከመኪናው ወርደው ማስተማር ጀመሩ። ተማሪው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ልሸሽ አልቻልኩም።

በሩን ከፍቼው ኖሮ፣ ዞር ስል አንድ ባለ ጎፈር ወንድ ጭላዳ የሾፌር ወንበሬ ላይ ጉብ ብሏል። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት ያያል። «ውረድ!» ብዬ ስጮህ ደንግጦ ጥሩምባው ላይ ተደገፈ። ጥሩምባው አንባረቀ፤ እሱ በራሱ ጥሩምባ ደንግጦ ሲዘል መጋረጃዬን ይዞት ወጣ፤ መንጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገደሉን ወረደ። የጥሩዬ አበባማ መጋረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲውለበለብ ነው። ቲቸር የሺ ሳቃቸውን ሲጨርሱ «አቀማመጡ ከአንተ ይሻላል» አሉኝ።

ያን ቀን ቀበሮ የለም። ሌሊቱን ብርዱ አጥንታችንን ሲቆጥር አደረ።

በማግሥቱ ማለዳ ከታች ከመንደሩ የከበሮ ድምፅ ይሰማል።

«ዛሬ አቦ ነው እንዴ?» አሉ ቲቸር።

«ነገ ነው፣ ቲቸር። ይሄ ሰርግ ነው።»

«በጠዋት ሰርግ?»

«የደጋ ሰው ማልዶ ነው የሚያገባው» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው።

ወዲያው ጉሙ ሳሳ አለና፣ ማዶ ድንጋዩ ላይ አንድ ቀይ ነገር ብቅ አለ። «ያውና! ያውና ቲቸር! አላልኩዎትም?» ብዬ አልጋው ላይ ደግፌ አወጣኋቸው፤ በጣሪያው መስኮት ብቅ አሉ። ባይነኩላራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ እታች ሆኜ እግራቸውን እንደያዝኩ አምላኬን ሳመሰግን፣ ረጋ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ይህ ቀበሮ አንገቱ ላይ ገመድ አለው» አሉኝ።

የመንደሩ ውሻ ነበር። ለማዳ ነው፤ መጥቶ ዳቦ በላ።

ይህ ነገር ትንሽ ቅስሜን ሰበረው። የሰው ቅስም ሲሰበር ደግሞ ሥራ ይፈልጋል። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቆር ሲል ጊዜ፣ አንድ የውጭ አገር ተጓዥ ድሮ ያስተማረኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ውጭ የሚያድር ሰው ዙሪያውን ቦይ ይቆፍራል፣ ጎርፉ እንዳይገባበት። ዶማና አካፋ አውጥቼ በመኪናዋ ዙሪያ ቆፈርኩ። ደግሞ እንዲያው ቦይ አይደለም፤ ሰፊ፣ ጥልቅ፣ ጫፉ ወደ ቁልቁለቱ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ መንገድ ሥራ ቢያየው የሚቀጥረኝ ዓይነት ቦይ።

እየቆፈርኩ ሳለ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በሜዳው ጫፍ ጃንጥላ ይዞ ሲያልፍ አየሁ። እኔማ «የሰርገኛው አጃቢ ስንት ነው!» ብዬ ተደነቅሁ። ርቀው ስለነበር መሐላቸው ታቦት መኖሩን አልለየሁም፤ ካልተጠረጠረ ደግሞ አይለይም። ሁሉም ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። ዶማዬን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩላቸው። አንዳንዶቹ አማተቡ። ለመኪናዋ መሰለኝ። ተመልካች ሲኖረኝ ጉልበት ይጨመርልኛልና ባሰብኝ፤ ሸሚዜን አውልቄ ቆፈርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ የበረዶ ጠጠር ኮፈኑ ላይ ጠቅ አለ። ሁለተኛው ጠቅ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ቀረ። ሽንብራ የሚያህለው ሄዶ ባቄላ የሚያህለው መጣ፤ የመኪናዋ ቆርቆሮ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ቲቸር የሺን አልጋው ላይ አስቀምጬ «አይዞዎት፣ ላስቲክ አለው!» ከማለቴ ላስቲኩ መሐሉ ረገበ፣ ሆዱ እንደ እርጉዝ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ከዚያ ዘረገፈው። አንድ ቁና የሚሆን በረዶ ፍራሹ ላይ፣ ቡታጋዙ ላይ፣ አንገቴ ውስጥ። ቲቸር የሺ ድስቱን አንስተው ራሳቸው ላይ ደፉ። በረዶው ድስቱን ሲቀጠቅጠው እኛ እንጮሃለን፣ አንሰማማም። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት አፌን የከፈተው። አሁን ብንሞት በውሸት መሞት አልፈለግሁም።

«ቲቸር! ቀበሮውን አይቼው አላውቅም!»

«ምን?»

«ቀበሮውን! በሕይወቴ! አይቼው አላውቅም!»

ድስቱን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው «አውቃለሁ» አሉኝ። «በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ውሻ ሲያይ ‹ያውና› ብሎ አይጮህም።»

«ታዲያ ካወቁ ለምን ቁጭ አሉ? ለምን ውሰደኝ ወደ ቤቴ አላሉኝም?»

«ሌላ የሚያመጣኝ ሰው ስለሌለ ነዋ!»

እንዲህ ያለው መልስ ከበረዶው ይልቅ ያማል። በረዶው ከጥቂት በኋላ አባራ።

ስንወጣ ሜዳው ነጭ ሆኗል፤ ፀሐዩ ደግሞ ተመልሶ ያበራል። ከመንደሩ በኩል ሰዎች ሽቅብ ይመጣሉ። ከፊት መምሬ ይርጋ የሚባሉ ቄስ ናቸው፤ ከሳቸው ጎን ጋቢያቸው የራሰ፣ ኮንጎ ጫማቸው ጭቃ የጠገበ፣ አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ። ከኋላ የቅሬው ሽማግሌዎች። ቅሬ ማለት እኛ ወሎዎች ቀብሩንም እርቁንም የምንዳኝበት ማኅበር ነው፤ ቅሬ በሙሉ ሲመጣባችሁ ወይ ሞታችኋል ወይ አጥፍታችኋል። እኔ ደግሞ በሕይወት ነበርኩ።

«እንደምን ዋላችሁ አባቶቼ!» አልኩ።

«ይመስገን። ዛሬ ስንት ቀን ነው ልጄ?» አሉኝ መምሬ።

«ጥቅምት አራት» አልኩ፣ በሙሉ ልቤ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መምሬ በቀስታ «አምስት ነው። አቦ ነው» አሉኝ። ከጎኔ ቲቸር የሺ «ብዬው ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

በአቦ ቀን፣ ያውም በጥቅምቱ፣ በዚያ አገር መሬት በብረት አይነካም። አይታረስም፣ አይቆፈርም፣ ሣር እንኳ አይታጨድም። ቀኑን የሻረ እንደሆነ በረዶ ይመጣል፤ በረዶው ደግሞ ለሻሪው ብቻ አይመጣም። ይህን እኔ አላውቅም ነበር እንዳልላችሁ፣ ለቱሪስት ስንት ጊዜ እየተረክሁ አስገርሜበታለሁ!

«ታቦት አጅበን ስናልፍ ትቆፍራለህ» አሉ አያ ሞላ። «ታቦቱን ሳናስገባ ሰው ልከን እንዳናስቆምህ፣ ክብር ነው፣ ሰልፍ አይፈታም። አንተ ጭራሽ ዶማውን ታወዛውዝልን ጀመር! እንግዲህ ልጆቼ ዓመቱን የሚበሉት ገብስ ነው የተኛው። ምን ልበላቸው?»

ቲቸር የሺ ሊያድኑኝ ወደፊት ወጡ። ድስቱን ከራሳቸው አላወረዱም ነበር። «አባቶቼ፣ በረዶ እኮ የሚፈጠረው ሞቃት አየር ሽቅብ ሲወጣና ከላይ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ነው፤ ከመቆፈር ጋር የሚያገናኘው...»

መምሬ በአክብሮት ሰምተው ሲጨርሱ «መምህርት፣ እንዴት እንደሚመጣማ እርስዎ ያውቃሉ። እኛ የቸገረን ለምን ዛሬ መጣ፣ ለምንስ በአያ ሞላ ማሳ ላይ የሚለው ነው» አሏቸው።

ቲቸር መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸው ቦዬን ተከትሎ ወረደ። እኔም ተከተልኩ። የቀለጠው በረዶ ከሜዳው ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ቦዬ ገብቷል፤ ቦዬ ደግሞ በዚያ በኮራሁበት ቀጥ ያለ ጫፉ አንድም ጠብታ ሳያባክን በአያ ሞላ ማሳ ላይ ይዘረግፈዋል። ግራና ቀኝ ያለው ገብስ ጎንበስ ቢል ነው፤ የእሳቸው መሐሉ በጎርፍ ተጠርጎ መሬት ላይ ተነጥፏል።

ቲቸር የሺ ወደኔ ዞረው «በሳይንሱም ጥፋተኛ ነህ» አሉኝ።

«አሁኑኑ እደፍነዋለሁ!» ብዬ አካፋውን ባነሳ፣ ሽማግሌው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ኧረ ተው!» አለ። ለካ መድፈንም ሥራ ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ያ ቦይ የኔን ጥፋት እያፈሰሰ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ላየው ሆነ። በእግሬ ድንጋይ ገፋ ገፋ አድርጌ አፉን ልዘጋ ብሞክር አያ ሞላ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ ተውኩት።

«ነገሩ ነገ ጠዋት ይታያል» አሉ መምሬ። «በአቦ ቀን ክስ አይሰማም። አሁን ውረዱ፣ ጠበል ጠዲቅ ቅመሱ።»

«እኔም?» አልኩ።

«አንተስ ሆድ የለህም?»

እንዲህ ያለ አገር ነው። ከሳሼ አያ ሞላ ራሳቸው ጠላ ቀዱልኝ፣ ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ። ቂጣውንና የባቄላ ንፍሮውን ባለመብላት ንስሐ ልገባ አስቤ ነበር፤ ርቦኝ ስለነበር ተውኩት። ቲቸር የሺ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው የመጡበትን ነገር ተናገሩ። ስንት ዘመን እንዳስተማሩት፣ አይተውት እንደማያውቁ፣ ነገ ከሰዓት ተመልሰው ከነገ ወዲያ አውቶቡስ እንደሚሳፈሩ።

«ቀዩን ነው የሚሉት?» አሉ አያ ሞላ። «እሱማ ጠዋት ጠዋት በዚያ በሜዳው ያልፋል። አይጡን ስለሚለቅምልኝ ወዳጄ ነው። ግን ሰው ከተነቃነቀ፣ ድምፅም ከሰማ የለም።»

የጠዋቱ ሰዓት እንግዲህ ያ ብቻ ነበር የቀረን። ያንኑ ሰዓት ደግሞ እኔ ልከሰስበት ነው፤ ሽማግሌ፣ ምስክር፣ ጫጫታ። ከዚህ በፊት ስላደረግሁት ነገር ብዙ አፍሬ አላውቅም፣ ያን ማታ ግን አፈርኩ። የአንዲት ሴት የዕድሜ ልክ ምኞት በኔ ቦይ ሲፈስ እያየሁ ምን ልበላችሁ። «ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ተኛ አሁን» አሉኝ፣ የፈተና ወረቀት ሲመልሱልኝ በሚሉበት ድምፅ።

በማግሥቱ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ሜዳው ላይ፣ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለቲቸር የሺ በርጩማ አመጡላቸው። እኔ እንደ ሥርዓቱ ድንጋይ ተሸከምኩ። በዳይ ይቅርታ ሲለምን አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፤ «አውርድ» ካልተባለ አያወርድም። ድንጋይ ምረጥ ሲሉኝ ልታይ ልታይ ብዬ ትልቁን አንስቻለሁ። ጀርባዬን ለሜዳው፣ ፊቴን ለሽማግሌዎቹ ሰጥቼ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ በኋላ የማየው የመምሬን ጫማና ሁለት ጉንዳን ብቻ ነው።

«አባቶቼ» አልኩ፣ «አጥፍቻለሁ። ቀኑን አሳስቼ ነው፣ ይቅር በሉኝ።»

አንዱ ሽማግሌ መናገር ጀምረው ነበር፣ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ዝም። ሁሉም ዝም።

ነገሩ ከብዷል አልኩ በልቤ። «አያ ሞላ፣ የተሰበረውን ገብስ ዛሬውኑ አጭጄ ለከብትዎ አቀርባለሁ!»

ዝም።

«የተረፈውም ሲደርስ መጥቼ አጭዳለሁ!»

ዝም። ሳል እንኳ የለም። ድንጋዩ አንገቴን እየበላው ነው።

«እወቃለሁም! እስከ ጎተራው ድረስ!... ለአቦም ጃንጥላ አስገባለሁ፣ ትልቁን፣ ባለ ዘርፉን!» ዝም። «መኪናዋንም... የታመመ ሰው፣ የወላድ ሴት ካለ፣ ላኩብኝ፣ ሌሊትም ቢሆን መጥቼ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ!» ይህን ከልቤ ነበር ያልኩት። ከዚህ በላይ የምሰጠው ነገር ስላልነበረኝ «ሁለተኛም በፈረንጅ ቀን አልቆጥርም!» ብዬ ጨመርኩበት።

ያን ጊዜ የቲቸር የሺ ትንፋሽ ተሰማኝ፤ አፋቸውን በነጠላ አፍነው ያለቅሳሉ። ለኔ አዝነው ነው ብዬ እኔም ዕንባዬ መጣ።

በመጨረሻ መምሬ ረጅም ትንፋሽ አወጡና «ቀና በል ልጄ። አለፈ» አሉኝ።

«ይቅር አላችሁኝ አባቴ?»

«ቀበሮው አለፈ።»

ቀና ስል ሁሉም ከኔ በላይ አሻግረው ያያሉ። አያ ሞላ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል። እኔ ይቅርታ ስለምን ቀበሮው ከኋላዬ፣ ድንጋይ ብትወረውሩ በማይደርስበት ሳይሆን በሚደርስበት ቦታ፣ በረዶው ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸውን አይጦች ሲያድን ቆይቷል። አንዱን ሲይዝ አይተዋል። ሦስት ጊዜ ቀና ብሎ እኔን አይቷል አሉ፤ የኔ ድምፅ አንድ ዓይነት ስለሆነበት እንደ ወንዝ ለምዶት ይሆናል። ያ ሁሉ የተበደለ ሰው፣ ገብሱ የወደቀበት ሰው፣ ለቲቸር የሺ ሲል እንደ ድንጋይ ደርቆ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ሳላቸውን ውጠዋል። ዞሬ ባይ ሜዳው ባዶ ነው፤ ሣሩ ብቻ ይነቃነቃል።

«ይቅር ብለንሃል» አሉ አያ ሞላ፣ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ብሎ። መምሬም «የተሳልከውን ግን አንድም ሳይቀር ሰምተናል» ብለው አስታወሱኝ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እንዴት አይሰማም!

ቲቸር የሺ ፊታቸውን አብሰው አላበቁም። ጉልበታቸውን ረስተው ከበርጩማው ብድግ ብለዋል። «ጆሮውን አሳንሼው ኖሯል» አሉ። «ያን ሁሉ ዘመን ሰሌዳ ላይ ስሥለው፣ ጆሮውን አሳንሼ ነው የሣልኩት። ያን ሁሉ ልጅ...» እየሳቁ ደግሞ አለቀሱ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አየኸው?»

«አላየሁትም፣ ቲቸር።»

«ድንጋዩን አውርድና ቁጭ በል» አሉኝ። «ልንገርህ።»

እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌዎቹም አልተነሱም። ቲቸር የሺ ከጆሮው ጀመሩ፤ እኔም አንድ ቃል ሳላቋርጣቸው እስከ ጅራቱ ሰማሁ።